በሕይወት ካለ ለመስቀላ ይመጣል

ነሐሴ 9 ቀን 2017፣ አርባ ምንጭ

የክረምት ተማሪዎቼ ዛሬ አደከሙኝ። ሁሉም በየገጠሩ የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው፣ ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ሁሉም ሎጂክ ምን ያደርግልናል እያሉ ይጠይቁኛል። አንዳንዴ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ዛሬ የደረስነው ኮንትራፖዚቲቭ ላይ ነው። «እንዲህ ከሆነ እንዲያ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለን፣ መጨረሻውን ክደን ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን፤ «እንዲያ ካልሆነ፣ እንዲህም አልሆነም»። ሁለቱ አንድ ናቸው። አንዱን አምኖ ሌላውን እምቢ ማለት አይቻልም።

ሰሌዳው ላይ «የገረሴ መኪና ከሞላ ይነሣል» ብዬ ጻፍኩ። መኪናው አልተነሣም፤ እንግዲህ አልሞላም። እስከዚህ ተግባባን። ከዚያ ከካምባ የመጡት ሰውዬ እጃቸውን አውጥተው «ካልሞላ አይነሣም ማለትም እኮ ነው» አሉ። አይደለም አልኳቸው። ሹፌሩ የሚደርስበት ለቅሶ ሊኖር ይችላል፤ ሳይሞላ ሊነሣ ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ የተናገረው ስለሞላ መኪና እንጂ ስላልሞላ መኪና አይደለም። አላመኑኝም። እስቲ ሳይሞላ የተነሣ መኪና አይተሽ እንደሆነ ንገሪን ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ማታ እማ ደወለች። መጀመሪያ ስለ ምግቤ፣ ቀጥሎ ስለ ጎረቤት ላም፣ መጨረሻ ላይ የደወለችበት ጉዳይ፤ ዕዝራ ደውሎልሽ ነበር ወይ? አልደወለም። ታናሽ ወንድሜ በምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። ከየካቲት ጀምሮ በምዕራብ በኩል በረሃ ውስጥ ወርቅ ከሚቆፍሩት ጋር ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም። ወደ ከተማ ብቅ ሲል ይደውላል፤ ከሰኔ ወዲህ ግን ብቅ አላለም።

«ምን ሰማሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት።

«እንግዲያው ደህና ነው» አለች። «በሕይወት ካለ ለመስቀላ ይመጣል።»

አዎ ይመጣል አልኳት። እውነቷን ነው። በእኛ በጋሞ ደጋ ለመስቀላ፣ ለመስቀል በዓላችን፣ ቤቱ የማይገባ ልጅ የለም። ሸማኔው ከአዲስ አበባ፣ ተማሪው ከየትም ይሁን ከየት፣ ከአባቱ ጋር የተጣላውም ሳይቀር ይመጣል። አምና ዕዝራ በዋዜማው፣ በዝናብ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረሰ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳላስበው የእማን ዓረፍተ ነገር ገለበጥኩት። የሙያ በሽታ ነው። ገልብጬ እንዳበቃሁ ሬዲዮ ከፈትኩ።


ነሐሴ 14

ፈተና ማውጣት። መብራት የለም። ሻይ ቤት ከአስተማሪዎቹ አንዱ «ወርቅ የሄደ ልጅ ወይ መኪና ይዞ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም» ሲል ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። ከኋላው እንደተቀመጥኩ አላየም ነበር። እማ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ነገ።


ነሐሴ 27

ዘካሪያስ ደወለ። የካምባ ልጅ ነው፣ ከዕዝራ ጋር ተመርቆ ከዕዝራ ጋር ወደ በረሃ የወረደ። ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። በዝናቡ ምክንያት አንድ ጉድጓድ ተንዷል፤ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። እነማን ናቸው አልኩት። ገና እየተጣራ ነው አለ። የእናንተ ጉድጓድ ነው ስለው ብዙ ጉድጓድ አለ አለኝ።

በርጋታ እናስበው። «እየተጣራ ነው» ማለት አልታወቀም ማለት ነው። ዕዝራ እዚያ ውስጥ ከነበረ ዘካሪያስ ያውቃል። ካላወቀ ዕዝራ አልነበረም። ዘካሪያስ አላውቅም አለ? አላለም። አውቃለሁም አላለም። ጥያቄዬን አልመለሰም፤ አለመመለስ ደግሞ መልስ አይደለም። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ በቀይ አሰምርበት ነበር።

ወዲያው እማ ደወለች፣ ሰዓት ጠብቃ እንደሆነ ሁሉ። ምን ሰማሽ? ምንም። በዚያች ደቂቃ ውሸት አልነበረም፤ የተረጋገጠ ነገር አልሰማሁም። «እንግዲያው ደህና ነው» አለችና ስለ ድንቹ ነገረችኝ። ዘንድሮ ድንቹ መልካም ነው።


ጳጉሜን 3

ዘካሪያስ መጣ። መናኸሪያ አጠገብ ተገናኘን። የዕዝራን ዱንጉዛ ኮፍያ ይዞ ነው። ሻይ አዘዝን፤ ሁለታችንም አልጠጣንም።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።


ጳጉሜን 4

መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ ነገ ያልሰማሁ እመስላለሁ።

ዕዝራ ጉድጓድ ሲወርድ ኮፍያውን ከጉድጓዱ አፍ ካለው እንጨት ላይ ይሰቅለው ነበር። ሲወጣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው። ዶርዜ የተሠራ፣ ቀይና ቢጫና ጥቁር ያለበት። ከሩቅ እንዲያዩኝ ነው እያለ ያስቃቸው ነበር። ዘካሪያስ ይህን ነገረኝ፤ እኔም ከዚያ በላይ እንዲናገር አልጎተጎትኩትም። ራሱ ነው የጨረሰው። ሦስት ቀን ቆፈርን፣ ከዚያ ውሃ ገባበት፣ አቆምን አለ። እኔ ነበርኩ የማጽናናው፤ አይዞህ፣ አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ ስለው ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ፣ አጎቴ ኦይታ ቤት ወጣሁ። አባባ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ትልቅ ሰው እሱ ነው፤ የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነው። ኮፍያውን ተቀብሎ ውስጡን ገልብጦ አየ። ጸለየ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ሲጨርስ ድምፁ የስብሰባ ድምፅ ሆነ።

«መስቀላ ሳያልፍ መርዶ አይነገርም። በመስቀላ ለቅሶ የለም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ሲያልፍ ሰው ይዤ በማለዳ እወጣለሁ። በስልክ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

አውቃለሁ። የእኛ ሥርዓት ነው። በበዓሉ ሰሞን ሰው ቢሞት እንኳ ለቅሶው ታፍኖ ይቆያል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይወጣል። እሺ አልኩት። ቶሎ እሺ አልኩት። ሥርዓቱ ባይዘኝ ዛሬውኑ ገረሴ፣ እማ ዘንድ ነበርኩ።

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እውነት መሆኗን እንጃ። አልሰርዛትም፤ ትቆይ።


መስከረም 5 ቀን 2018

እማ ደወለች። ምን ሰማሽ? ምንም። እንግዲያው ደህና ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ቃሏ ናት የምታንቀኝ። ጸሎት እንደ መዝጋት «እንግዲያው ደህና ነው» ትላለች፣ ከዚያ ወሬዋን ትቀጥላለች። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጨመረች። «በሕይወት ካለ ለመስቀላ ይመጣል፣ ወይም ይደውላል» አለች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዝናቡም አላቆመም፣ ልጅ ነውና እንግልቱን ሊፈራ ይችላል። በዓሉ ሳይደርስ «ወይም» ጀመረች።


መስከረም 14

ወደ ገረሴ። መኪናው ከሞላ ይነሣል። አልተነሣም። እንግዲህ አልሞላም። ጎኔ ላይ ሁለት ሴትዮ፣ እግሬ ሥር ዶሮ፣ ጉልበቴ ላይ የማላውቀው ሕፃን። ረዳቱ አሁንም «የገረሴ፣ አንድ ሰው ብቻ» እያለ ይጮኻል። ለክረምት ተማሪዎቼ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ የማይመች መደምደሚያ ሲገጥማችሁ አስተሳሰባችሁን ብቻ አትመርምሩ፣ «ከሞላ ይነሣል» ያለውን ሰውም መርምሩት።

ኮፍያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ቤት ትቼው መሄድ አልቻልኩም።


መስከረም 18፣ ገረሴ

ትናንት በዓሉ ነበር። ዮ መስቀላ እያሉ ችቦ የያዙት ወጣቶች በደጃችን አለፉ። እማ በየተራው ፊታቸውን አየች።

የዕዝራ አልጋ አዲስ አንሶላ ለብሷል። ሰፈሩ በጋራ ካረደው በሬ የእኛ መደብ ሲመጣ እማ ቢላዋ ይዛ ሦስት ቦታ ከፈለችው። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የዕዝራ። የእሱን ከሁሉም መርጣ ነው ያስቀመጠችው። እኔ ለዳታ ማባያው በርበሬ እየፈጨሁ ነበር፤ በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኩ። በርበሬ በመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ጎረቤቶች መጡ። እዚህ ስሟ የዕዝራ እናት ነው፤ እኔ በኩር ብሆንም ወንዱ እሱ ነውና በእሱ ይጠሯታል። «የዕዝራ እናት፣ እንኳን አደረሰሽ።» ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። ከውጭ በለጥሽ የምትባለው ጎረቤታችን «ልጁ እስከ ዛሬ ካልመጣማ...» ስትል ሰማኋት። አላስጨረሷትም፤ አንዷ አሳለች፣ አንዷ ስለ ዝናቡ ጀመረች። የክረምት ተማሪዎቼን ስንት ቀን የፈጀውን ነገር ገረሴ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ሠርታዋለች፤ እስከ መጨረሻው የሚለው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

እንግዶቹ ቁጭ እንዳሉ እማ ሥጋውን እየዘለዘለች፣ ቀና ሳትል፣ ምን ሰማሽ አለችኝ። በስልክ ይሻላል። በስልክ እጇን አላይም። ምንም አልኩ፣ ለእጇ። ቀና ብላ ቆይታ አየችኝ። ከዚያ «እንግዲያው ደህና ነው» አለችና ለሴቶቹ የድሮ ታሪኳን ነገረቻቸው። ይህች አቢጋኤሌ መደበቅ አትችልም አለች ወደ እኔ እያመለከተች፤ ትንሽ ሆና ዕዝራ የቅቤ ቅሉን ሲሰብር ማንም ሳይጠይቃት እየሮጠች መጥታ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ወንድሟ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

የዕዝራን ድርሻ ቋንጣ አድርጋ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። «ወይም ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል» አለች።


መስከረም 25፣ አርባ ምንጭ

ተመልሻለሁ። እማ በየቀኑ ትደውላለች፣ በየቀኑም «ወይም» ትጨምራለች። በሕይወት ካለ ይመጣል፣ ወይም ይደውላል፣ ወይም በሰው ሰላምታ ይልካል፣ ወይም ታሞ ተኝቶ ይሆናል፣ ወይም ይዘው አስረውት ይሆናል።

ምን እያደረገች እንደሆነ ይገባኛል። ዓረፍተ ነገሩ «ይመጣል» ብቻ ቢሆን አለመምጣቱ ይበቃ ነበር። «ይመጣል ወይም ይደውላል» ከሆነ ግን አለመምጣቱ ብቻ አይበቃም፣ አለመደወሉም መረጋገጥ አለበት። እያንዳንዷ «ወይም» ወንድሜን ለመግደል አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ትጠይቃለች። አምስት ካሉ አምስቱንም መካድ አለብሽ፤ አንዷ ከቀረች አይሞትም። እማ አራተኛ ክፍል ሳትደርስ ነው ከትምህርት የወጣችው። ልጇን በ«ወይም» አጥራ ይዛዋለች። እኔ ደግሞ አጥሩን ሁሉ በአንድ ቃል ማፍረስ የምችለው ሰው ነኝ፤ በየቀኑ ስልኩን አንስቼ ምንም እላለሁ።

ለአጎቴ ደወልኩ። መስቀላ አለፈ አልኩት። አሁንማ ገብሱ ይታጨድ፤ ለቅሶ ከገባች ማሳው ላይ ይቀራል አለኝ።

እሺ አልኩት።


ጥቅምት 9

ዕዝራ ድንች ሲበላ ልጣጩን ይተዋል፣ ነበር። ይተው ነበር።

ዛሬ ራሴን በሰዋስው ያዝኩት። ከእማ ጋር ሳወራ ሳልጠነቀቅ «ዕዝራ ይወድ ነበር» አልኩ። ወዲያው «ልጅ እያለን» ብዬ ጨመርኩበት። «አዎ፣ ልጅ እያላችሁ» አለች። ምን ሰማሽ ሳትለኝ ዘጋች ብዬ ሳስብ ተመልሳ ደወለች። ምን ሰማሽ? ምንም፣ እማ። እንግዲያው ደህና ነው።

አጎቴን አልወቅሰውም። እሱ ቀጠሮ ባራዘመ ቁጥር ደረቴ ቀለል ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ስለቀለለኝ እጠላዋለሁ። ስንፈራ ሁለታችንም ሥርዓት እንጠራለን።


ጥቅምት 26

አዲሶቹ ተማሪዎች። ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆች ናቸው፣ ገና ሙቀቱን ያልለመዱ። ኮንትራፖዚቲቭ አስተማርኩ። የመኪናውን ምሳሌ ሰጥቻቸው፣ እስቲ ከቤታችሁ አንድ አንድ አምጡ አልኳቸው።

ሰሊሆም የሚባል የዶርዜ ልጅ ተነሣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ከመቀመጫው ሲነሣ ወንበሩን በእጁ ይይዛል። «ሰው በሕይወት ካለ ለመስቀላ ቤቱ ይገባል» አለ። የእኛ ሀገር ልጆች አጨበጨቡ። እኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። እጄ ጻፈው። ከዚያ ክፍሉ ማንም ሳያዘው፣ እንዳስተማርኩት፣ በኅብረት ገለበጠው።

«ለመስቀላ ቤቱ ካልገባ፣ በሕይወት የለም።»

ሰማንያ ልጆች። በጣም በትክክል። ጎበዞች አልኳቸው። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ትርሐስ ትባላለች፣ ከትግራይ ነው የመጣችው።

«መምህርት፣ መገልበጡ ልክ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ውሸት ነው» አለች። «እኛ ጋ መንገዱም ስልኩም በተዘጋ ጊዜ አባቴ በዓል መጣ ብሎ አልመጣም፣ አልደወለም። ሞቷል ብለን አልቅሰናል። በሕይወት ነበረ።»

ልክ ነሽ አልኳት። ገልብጠን ያገኘነው ነገር የማይሆን ከሆነ የተነሣንበትም አይሆንም፤ ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ፣ ወይ መደምደሚያውን መቀበል፣ ወይ መነሻውን መጣል። ከዚህ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሰዓቱ ሳይደርስ ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።


ያው ጥቅምት 26፣ ማታ

ትርሐስ ኮሪደሩ ላይ ተከትላ መጥታ አስቀየምኩሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላስቀየምሽኝም አልኳት። እንዴት አወቃችሁ አባትሽ እንዳለ? መንገድ ሲከፈት በእግሩ መጣ አለች፤ እናቷ መጀመሪያ አላወቀችውም።

መነሻውን መጣል። ምናለ ብጥለው? ዕዝራ በሕይወት ኖሮ ላይመጣ ይችላል። ወርቅ ሳላገኝ አልመለስም ብሎ፣ አፍሮ፣ እኛን ረስቶ ሊሆን ይችላል። እኛን ረስቶ ቢሆን ምን ያህል ደስ ባለኝ። ረስቶን፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ልጣጩን እየተወ ድንች ቢበላ።

ከዚያ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ኮፍያው አለ። ለእነ ትርሐስ ግን ከአባታቸው የመጣላቸው ኮፍያ አልነበረም።


ኅዳር 5

እማ ደወለች። ሳትጠይቀኝ ነው የጀመረችው። ገብሱ ተሰብስቧል። ደግፌ የሚባል የሰፈር ሹፌር ወደ ወርቁ በረሃ የሚወስደውን መንገድ ያውቃል፤ ስንት መኪና መለወጥ እንዳለባት ነግሯታል። ራሴ ሄጄ ልፈልገው ነው አለችኝ። ስንቅ አዘጋጅታለች፣ ቋንጣውንም ይዛለት ትሄዳለች። ያ ሁሉ በረሃ፣ ቋንቋውን የማታውቀው ሀገር፣ የሚያብጥ እግሯን ይዛ።

«ምን ሰማሽ?» አለችኝ በመጨረሻ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ምንም» ማለት አቃተኝ፤ መስመሩ ይቆራረጣል አልኩና ዘጋሁ።

ለአጎቴ ደወልኩ። ከነገ ወዲያ ካልወጣን ብቻዬን እወጣለሁ አልኩት። እሺ፣ ሰው እጠራለሁ አለ።


ኅዳር 9፣ ገረሴ

ለቅሶ ላይ ነን። ሴቶቹ ትንሽ ረፍት ሲያገኙ እጽፋለሁ። ሳልረሳው መጻፍ አለብኝ። እንደማልረሳውም አውቃለሁ።

ማለዳ ደረስን፣ አጎቴ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። እማ ከእንሰቱ ሥር እያረመች ነበር። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቀና አለች፤ ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ምንም አልሆነችም። ከኋላቸው እኔን ስታይ ግን የያዘችው ነገር ከእጇ ወደቀ።

አጎቴ ወርቂቱ ብሎ በስሟ ጠራት። በስሟ ጠርቷት አያውቅም። እግዚአብሔር የሰጠውን ብሎ ጀመረ። እማ እሱን አልሰማችውም፤ አልፋው መጣች።

«አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ።

ኮፍያውን አወጣሁ። «ሞቷል፣ እማ» አልኳት።

ተቀበለችኝ። እንደ አጎቴ ውስጡን ገልብጣ አየችው። የምትጮኽ መስሎኝ ነበር።

«መቼ ሰማሽ?»

«ጳጉሜን ላይ።»

ራሷን ነቀነቀች። በጣም በዝግታ፣ ሒሳብ እንደምታስታርቅ ሴት፣ ወደ ኋላ ሄደች፤ ጳጉሜን፣ መስከረም፣ መስቀላ፣ ሥጋው፣ ጥቅምት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«ሁሉም ፊቱን ሲያዞርብኝ አይቻለሁ። በለጥሽ ስታፍር አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ሞቷል ሲል ልቤ ይሰማው ነበር። እኔ ግን፣ ሞቶ ቢሆን አቢጋኤል ትነግረኛለች አልኩ። አልነገረችኝም። እንግዲያው ደህና ነው አልኩ።»

ከዚህ በኋላ ነው የጮኸችው።

ሁሉን ነገር ተሳስቼ አንብቤው ኖሯል። ወንድሜን በሕይወት ያቆዩት የእማ «ወይም»ዎች መስለውኝ ነበር። «ወይም»ዎቹ ለጎረቤት ነበሩ። በየቀኑ ምን ሰማሽ ብላ የጠየቀችኝ፣ «ምንም» ስላት «እንግዲያው ደህና ነው» ብላ የምትዘጋው፣ ያ ነበር ሙሉ መንገዱ። ሞቶ ከሆነ ትነግረኛለች። አልነገረችኝም። አልሞተም። አንድም ስሕተት የለበትም። ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። መነሻው ግን እኔ ነበርኩ፤ ውሸቱ የነበረው እዚያ ነው።

ትርሐስ እንዳለችው፣ መገልበጡ ልክ ነበር።


ኅዳር 12፣ ገረሴ

ዛሬ ለቅሶ ለመጡት ቋንጣው ተሠራ። እማ ራሷ ነች ከምድጃው በላይ ያወረደችው። ለእኔም አቀረበችልኝ። በላሁ፤ እየተመለከተችኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ኮፍያውን በአስከሬኑ ፈንታ እንቀብረዋለን ብሎ አጎቴ ሐሳብ አቀረበ። አልሰጠችውም።

ከእኔ ጋር ትናገራለች። ውሃ አምጪ፣ እንጨት አምጪ፣ ተኚ ትለኛለች። አትቆጣኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።


ኅዳር 27፣ አርባ ምንጭ

ከተመለስኩ ቀናት ሆነኝ። ክፍል ገብቻለሁ፤ ሰሊሆም ስለ ለቅሶው ሰምቶ ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም አላጠፋህም አልኩት፤ ምሳሌህ ጥሩ ነበር። አለቀሰ። ወደ መቀመጫህ ሂድ አልኩት። ከዚያ ቀጣዩን ምዕራፍ ጀመርን።

ማታ እማ ደወለች፣ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደስ አለኝ። በልተሻል አለችኝ። በልቻለሁ። ሙቀቱ እንዴት ነው? እንደተለመደው ነው።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እማ።»

«እንግዲያው ደህና ነው» የሚለውን ቃሏን ጠበቅሁ። አልመጣም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ማን አለ አጠገብሽ?» አለችኝ።

የጎን ክፍል የምትኖረው ልጅ ልብስ ልታሰጣ በረንዳው ላይ ነበረች። እሷ አለች አልኳት።

«ስልኩን ስጫት» አለች።

ሰጠኋት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና አዎ እናቴ፣ ደህና ናት አለቻት።